ከኒር ኢስት ሳይድ እስከ አሽ ኬቭ፦ ልጆችንና አያቶችን ይዞ በደን ውስጥ ወደ ፏፏቴ

በኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ ኮሎምበስ፣ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ቤተሰብ ቅዳሜ ማለዳ ሕፃኑን፣ የሕፃኑን ጋሪና ከሀገር ቤት ለጥየቃ የመጡትን አያት በመኪና ይዞ ቢነሣ፣ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ጉዞ በኋላ 27 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የአለት ጠርዝ በሚወርድ ፏፏቴ ፊት ሊቆም ይችላል። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ፏፏቴው ያለው የእግር መንገድ 400 ሜትር ያህል ብቻ ነው። መንገዱ የተነጠፈ በመሆኑም የሕፃን ጋሪም ሆነ ተሽከርካሪ ወንበር ይሄድበታል። ለመግቢያም ሆነ ለመኪና ማቆሚያ የሚጠየቅ ክፍያ የለም።

ስፍራው አሽ ኬቭ ይባላል፤ ሆኪንግ ሂልስ የተሰኘው የግዛት ፓርክ አንዱ ክፍል ነው። በዚሁ ፓርክ ውስጥ ግን ከገደል ጫፍ ወድቀው ሕይወታቸውን ያጡ ጎብኚዎች አሉ። ከእነዚህም ውስጥ ወጣቶች ይገኙበታል። ስለሆነም የትኛው መንገድ ለሕፃንና ለአረጋዊ እንደሚስማማ፣ የትኛው ደግሞ እንደማይስማማ ከቤት ሳይወጡ ለይቶ ማወቅ ለጉዞው ከሚያዘው ስንቅ የሚቀድም ጉዳይ ነው።

ሰፈሩና ደኑ

ኒር ኢስት ሳይድ ከመሃል ከተማው በስተምሥራቅ፣ በአውራ ጎዳናዎችና አላም ክሪክ በተባለው ወንዝ መካከል የተዘረጋ ሰፈር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የከተማው ጥቁር አሜሪካውያን የንግድ፣ የሙዚቃና የማኅበራዊ ሕይወት ማዕከል ነበር። በሀገሪቱ ከተሠሩት ቀደምት የመንግሥት የመኖሪያ መንደሮች አንዱ የሆነው ፖይንዴክስተር ቪሌጅ በ1940 እዚሁ ሲመረቅ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በስፍራው ተገኝተው ነበር። ከዚያ በኋላ በተሠሩት አውራ ጎዳናዎች ሰፈሩ ከመሃል ከተማው ተቆርጦ ቀረ። ዛሬ ከቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ጎን ለጎን፣ በሰፈሩም ሆነ በዙሪያው ባሉት የኮሎምበስ ክፍሎች ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ይኖራሉ።

ሰፈሩ አረንጓዴ ቦታ የተነፈገ አይደለም። 35 ሄክታር ገደማ ስፋት ያለው ፍራንክሊን ፓርክ፣ በውስጡም በ1895 የተከፈተው ባለመስታወት የዕፅዋት ቤት ይገኛል። በወንዙ ዳር ደግሞ ከዌስተርቪል ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚዘልቅ፣ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእግርና የብስክሌት መንገድ ያልፋል። ልጆችን ወደ ገደላማ ደን ከመውሰድ በፊት በዚህ ሜዳማ መንገድ አንድ ሁለት ቅዳሜ አብሮ መራመድ ብልኅነት ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ስንት ሰዓት ሳያለቅስ እንደሚሄድ ወላጅ የሚያውቀው በግምት ሳይሆን በሙከራ ነው።

ሆኖም መናፈሻ ደን አይደለም። ደኑ ያለው ከከተማው ውጭ ነው፤ የከተማው አውቶቡስም እስከ ሆኪንግ ሂልስ አይደርስም። መኪና የሌለው ቤተሰብ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ጋር መዳበል፣ አለዚያም ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ ወይም ማኅበሩ አውቶቡስ ተከራይቶ እስኪወስደው መጠበቅ ይኖርበታል። መግቢያው ነፃ የሆነ ስፍራ ለሁሉም እኩል ቅርብ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

ለዚህ መፍትሔ ባይሆንም ማስታገሻ የሚሆን አንድ ስፍራ በራሱ በኮሎምበስ ውስጥ አለ። በከተማው ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ሳዮቶ ወንዝ በሚገባ ትንሽ ጅረት ላይ ሄይደን ረን የተባለ 11 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ፏፏቴ ይገኛል። በእንጨት ርብራብ መንገድ ላይ ለጥቂት ደቂቃ በመሄድ ይደረሳል። ደረጃ ስላለው ጋሪ አይመችም፤ የመኪና ማቆሚያውም ጠባብ ነው። ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ቤተሰብ ግን ይበቃል።

ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ያልሆነ ጉዞ

የእግር ጉዞን ለመዝናኛ ብቻ ማድረግ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች አዲስ ነገር ሊመስል ይችላል። በሀገር ቤት በእግር የሚኬደው ለገበያ፣ ለትምህርት፣ ለቀብር ወይም ለክብረ በዓል ነው፤ ጫካም ቢሆን ከአውሬና ከሽፍታ ጋር የሚነሣ ስም ነበር። ነገር ግን ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ሕፃን አዝሎ፣ አረጋዊ ደግፎ በዛፍ ጥላ ውስጥ ከአለት ወደሚወርድ ውሃ መሄድ ለዚህ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ጠበል ለመጠመቅ የሚደረገው ጉዞ ይኸው ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ከመታረስ የተረፈው ነባር ደን በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ያለው በመሆኑ፣ ብዙ ሰው ደንን መጀመሪያ ያየው በጸሎት ስፍራ ነው። የዓላማ ልዩነት ቢኖርም አሽ ኬቭን ያዩ አያቶች ስፍራውን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልጋቸው አይመስልም።

ስፍራው ራሱም የአምልኮ ታሪክ አለው። አሽ ኬቭ ከዳር እስከ ዳር 210 ሜትር ያህል፣ ወደ ውስጥ ደግሞ 30 ሜትር ያህል የሚዘልቅ፣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ትልቅ የአለት ጣሪያ ነው። በኦሃዮ ከሚገኙት የዚህ ዓይነት ዋሻዎች ሁሉ ይበልጣል። በአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ከመሠራቱ በፊት ሰፋሪዎቹ እሑድ እሑድ በዚህ ጣሪያ ሥር ይሰበሰቡ ነበር፤ ሰባኪውም በመግቢያው አጠገብ ካለ ትልቅ ቋጥኝ ላይ ሆኖ ያስተምር ነበር። ቋጥኙ እስከ ዛሬ የመድረክ አለት እየተባለ ይጠራል። የጣሪያው ቅርጽ ድምፅን አጠራቅሞ ስለሚመልስ ከአንዱ ዳር በሹክሹክታ የተነገረ ቃል በሌላው ዳር የሚሰማባቸው ነጥቦች አሉ። ልጆች ይህን ካወቁ በኋላ ከዚያ ማስወጣት ቀላል አይደለም።

ስሙ ግን ከሰፋሪዎቹ በፊት ከነበሩት የመጣ ነው። ቀደምት ሰፋሪዎች ዋሻውን ሲያገኙ 30 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 9 ሜትር ገደማ ስፋትና አንድ ሜትር ለመድረስ ጥቂት የቀረው ጥልቀት ያለው የአመድ ክምር በውስጡ ነበር። ስሙም የአመድ ዋሻ ማለት ነው። አመዱ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ለብዙ ዘመን ካነደዱት የእሳት ምድጃ የተከማቸ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል፤ በ1877 በተካሄደ ቁፋሮም የእንስሳት አጥንት፣ የሸክላ ስባሪ፣ የቀስት ቁራጭና የበቆሎ ቆረቆንዳ ተገኝቷል። ሆኪንግ የሚለው ስም ራሱ የደለዌር ሕዝብ ወንዙን ይጠራበት ከነበረው ሆክሆኪንግ ከሚል ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ ወንዙን ከጠርሙስ ቅርጽ ጋር የሚያያይዝ ስያሜ ነው።

አለቱ ለምን ጣሪያ ሆነ?

ልጆች ሊጠይቁት የሚችሉት ጥያቄ ነው፤ መልሱም ለማስረዳት አይከብድም። ከ340 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ይህ አካባቢ ጥልቀት በሌለው ባሕር የተሸፈነ ነበር። ከምሥራቅ በኩል የሚመጡ ወንዞች አሸዋና ጠጠር እያመጡ በባሕሩ ዳር ደለደሉት። ደለሉ በጊዜ ብዛት ተጣብቆ ብላክሃንድ የተባለው የአሸዋ ድንጋይ ሆነ። ጥቁር እጅ ማለት የሆነው ይህ ስም የተገኘው ከሆኪንግ ሂልስ በስተሰሜን ባለ ገደል ላይ ተቀርጾ ከነበረ የእጅ ምስል ነው፤ ምስሉ በ1828 ለመርከብ ቦይ ሥራ አለቱ ሲፈነዳ ጠፍቷል።

የአሸዋ ድንጋዩ ሦስት ንብርብር አለው። የላይኛውና የታችኛው ጠንካራ፣ መካከለኛው ግን ደካማ ነው። ውሃ፣ ውርጭና ነፋስ መካከለኛውን ሲሸረሽሩት የላይኛው እንደ ቆርቆሮ ክፈፍ ወደ ፊት ወጥቶ ይቀራል። ከላይ የሚመጣው ጅረት ከዚያ ክፈፍ ጫፍ ሲደርስ ግድግዳውን ሳይነካ በአየር ላይ ይወርዳል። ለዚህም ነው ሰው ከፏፏቴው ጀርባ ባለው ደረቅ አሸዋ ላይ መቆም የሚችለው። በመንገዱ ላይ ተዘርረው የሚታዩት ቤት የሚያህሉ ቋጥኞች ደግሞ ያ ክፈፍ ክብደቱን መሸከም ሲያቅተው ተገንጥለው የወደቁ ናቸው።

ውሃው የሚሞላው በመስከረም አይደለም

ብዙ የሀገር ቤት ሰው የሚሳሳተው በወቅቱ ላይ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ጢስ ዓባይን ማየት የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ክረምቱ ሲያበቃ፣ በመስከረም ነው፤ ያኔ ወንዙ ሞልቶ ጢሱ ከሩቅ ይታያል። በዚሁ ልማድ በመስከረም ወደ አሽ ኬቭ የሚሄድ ቤተሰብ ግን ከጣሪያው ጫፍ የሚንጠባጠብ ክር የመሰለ ውሃ ብቻ ሊያገኝ ይችላል።

ምክንያቱ የዝናቡ ሥርዓት ነው። በኦሃዮ እንደ ኢትዮጵያ ደጋ የተለየ የዝናብ ወቅት የለም፤ ዝናብና በረዶው በዓመቱ ውስጥ ተበታትኖ ይወርዳል። በበጋው ወራት ግን የወረደውን ዝናብ ዛፎች በሥሮቻቸው ይመጡታል፣ ሙቀቱም ያተነዋል፤ ወደ ጅረቶቹ የሚደርሰው ጥቂት ነው። በክረምትና በጸደይ ዛፎቹ ቅጠል ስለሌላቸው መሬቱ ጠግቦ የተረፈው ሁሉ ወደ ጅረት ይገባል። ስለዚህ ፏፏቴው የሚያምረው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት፣ በተለይም ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ነው። በብርቱ ቅዝቃዜ ወራት ደግሞ ከላይ የሚወርደው ውሃ እየረጋ ከመሬት ወደ ላይ የሚያድግ የበረዶ ክምር ይሠራል። በጥቅምት የሚሄድ ሰው ውሃ ባያገኝ እንኳ በቅጠሉ ቀለም ይካሳል፤ የዚያኑ ያህል ግን ሕዝቡ ስለሚበዛ መኪና ማቆሚያ ለማግኘት በማለዳ መድረስ ያሻል።

የተሳሳተው ዝግባ

ከአሽ ኬቭ ብዙም ሳይርቅ ሴዳር ፎልስ የተባለ ሌላ ፏፏቴ አለ። ቁመቱ 15 ሜትር ያህል ቢሆንም በውሃ ብዛት በፓርኩ ውስጥ የሚወዳደረው የለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአናቱ ላይ የእህል ወፍጮ ተተክሎ ነበር። ወደ ታች የሚያወርዱት ደረጃዎች አኪዮ ሂዙሜ በተባለ ጃፓናዊ የተነደፉ ሲሆን የዴሞክራሲ ደረጃዎች ይባላሉ፤ አንዱ እግር ብቻ እንዳይደክም ሸክሙ ለሁለቱ እግሮች በየተራ እንዲደርስ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ደረጃ መውጣትና መውረድ ለሚችሉ ልጆች መልካም መንገድ ነው፤ ለጋሪና ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አረጋውያን ግን አይሆንም።

የፏፏቴው ስም የስህተት ውጤት ነው። ሰፋሪዎቹ በገደሉ ውስጥ ያዩት ዛፍ ሴዳር፣ ማለትም ዝግባ መስሏቸው ነበር። ዛፉ ግን ሄምሎክ የሚባል፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያረግፍ ሌላ ዝርያ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት የእነርሱ ብቻ አይደለም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሊባኖስ ዝግባ የተባለው ዛፍና በኢትዮጵያ ደኖች የሚበቅለው ዝግባ ዘመዳሞች አይደሉም። ሰው ያላየውን ዛፍ በሚያውቀው ስም ይጠራል።

ሄምሎክ የቀዝቃዛ ሀገር ዛፍ ነው። ከ10 ሺህ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የሰሜኑ ግግር በረዶ ወደ ኦሃዮ ሲወርድ ሆኪንግ ሂልስ ሳይደርስ ቢቆምም፣ አየሩን አቀዝቅዞ የሰሜን ዛፎችን ወደ ደቡብ ገፍቶ አምጥቷቸዋል። በረዶው ሲያፈገፍግ አብዛኞቹ ጠፉ፤ ፀሐይ በማይደርስባቸው ቀዝቃዛ ገደሎች ውስጥ ግን ሄምሎክ እስከ ዛሬ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ከምሥራቅ እስያ የመጣች፣ ከመርፌ ራስ የማትበልጥ ነፍሳት ዛፉን እየመጠጠች ታደርቀዋለች። በቅርንጫፉ የታችኛው ገጽ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ እርሷ አለች ማለት ነው። የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት ባለሥልጣናት ዛፎቹን በመድኃኒት እያከሙ፣ ነፍሳቷን የሚበሉ ጥንዚዛዎችንም እየለቀቁ ይገኛሉ። ዛፎቹ ከሞቱ ገደሎቹ ጥላ ያጣሉ፣ ጅረቶቹም ይሞቃሉ፤ ልጆች ዛሬ የሚያዩት ደን ለልጆቻቸው ላይደርስ ይችላል።

የአዛውንቱ ዋሻ የሚባለውና በፓርኩ እጅግ ብዙ ሰው የሚጎበኘው ክፍል ስያሜውን ያገኘው ሪቻርድ ሮው ከተባለ፣ በዋሻው ብቻውን ይኖር ከነበረ አዳኝ ነው። ቤተሰቡ ወደ ኦሃዮ ወንዝ ሸለቆ የመጣው በ1796 ገደማ ሲሆን፣ መቃብሩም በዚያው አለት ሥር እንደሆነ ይነገራል። ኑሮው ባሕታዊን ቢያስታውስም ያኖረው ግን አደንና ውሾቹ ነበሩ። ስፍራው ሁለት ፏፏቴዎች፣ ድልድዮችና በአለት የተፈለፈሉ መተላለፊያዎች አሉት። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚኬድበት በመሆኑ መሃል ላይ ልጅ ቢደክም ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ይህን ሳያስቡ የሚገቡ ወላጆች ትንሹን ልጅ በጀርባ ይዘው ይወጣሉ።

ሦስቱን ስፍራዎች የሚያገናኘው 10 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በኤማ ጌትዉድ ስም ተሰይሟል። የ11 ልጆች እናት የሆኑት እኚህ የኦሃዮ ሴት በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ ከጆርጂያ እስከ ሜይን የሚዘልቀውን ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የአፓላቺያን መንገድ ብቻቸውን በአንድ ወቅት የጨረሱ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የተጫሙት የሸራ ጫማ ነበር፤ የያዙትም ራሳቸው የሰፉት ከረጢት። በየዓመቱ በጥር ወር በሆኪንግ ሂልስ የሚካሄደው የክረምት የእግር ጉዞ እርሳቸው ይወዱት የነበረውን ይህንኑ መንገድ ይከተላል።

ልጅ የሚጠፋው ከመንገድ ሲወጣ ነው

በሆኪንግ ሂልስ አደጋ የሚደርሰው በአብዛኛው ከተከለለው መንገድ ወጥተው ፎቶ ለመነሣት ወይም አቋራጭ ለመፈለግ ወደ ገደሉ ጫፍ በሚጠጉ ሰዎች ላይ ነው። የአለቱ ጠርዝ በቅጠልና በሣር ተሸፍኖ የጸና መሬት ሊመስል ይችላል። እርጥብ የአሸዋ ድንጋይም እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከመንገድ መውጣት፣ በውሃው ውስጥ መዋኘትም ሆነ መንቦጫረቅ በሕግ የተከለከለ ነው። ገደላማ በሆነው የላይኛው መንገድ ላይ ትንንሽ ልጆችን እጅ ለእጅ መያዝ፣ ካልሆነም በታችኛው መንገድ ብቻ መወሰን ይገባል። ለአሽ ኬቭም ቢሆን ጋሪ የሚሄደው በታችኛው መንገድ ነው፤ ወደ ላይ የሚያዞረው ደረጃና ጠርዝ አለው።

በገደሎቹ ውስጥ የእጅ ስልክ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ የመንገዱን ካርታ አስቀድሞ ማውረድ ወይም በወረቀት መያዝ፣ ቤተሰቡ ቢለያይ የሚገናኝበትን ስፍራ መወሰን፣ ቤት ለቀረ ዘመድም የት እንደሚሄዱ መናገር ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚጠነቀቁት ከትንንሾቹ ነገሮች ነው። ፖይዘን አይቪ የሚባለው ተክል ሦስት ሦስት ቅጠል እያወጣ በመሬት ይሳባል ወይም በዛፍ ላይ ይወጣል። እንደ ሳማ ወዲያው ስለማይለበልብ ልጅ ሳያውቀው ሊጫወትበት ይችላል፤ ሽፍታውና ማሳከኩ የሚመጣው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የነካው ቆዳ ቶሎ በሳሙናና በውሃ መታጠብ አለበት፤ ዘይቱ የተጣበቀበት ልብስም እንዲሁ። መዥገርን ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት ከከብት ጋር ነው፤ እዚህ ግን ከሰው ላይ ተጣብቃ ላይም የተባለውን በሽታ የምታስተላልፍ ዝርያ በኦሃዮ ተስፋፍታለች። ረጅም ሱሪ ማልበስ፣ ማታ ልጆቹን ሲያጥቡ ብብታቸውን፣ የጉልበታቸውን እጥፋት፣ ከጆሮ ጀርባና የራስ ቅላቸውን መፈተሽ ይበጃል። ተጣብቃ ከተገኘች በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ እንጂ በእሳት ወይም በቅባት ማባረር አይመከርም። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ከታየ ለሐኪም የመዥገሯን ጉዳይ መንገር ያስፈልጋል። እባብም አለ፤ በድንጋይ ክምር ውስጥ እጅ አለመክተት ከሞላ ጎደል ይበቃል።

ስንቁ ቀላል ነው። በሶና ቆሎ ለረጅም መንገድ የተፈጠሩ ምግቦች ናቸው፤ ተጓዥ ለዘመናት የተሸከማቸውም አይበላሹምና ነው። ውሃ ከቤት መያዝ አለበት፤ የጅረቱ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም አይጠጣም።

ከኒር ኢስት ሳይድ የሚነሣ ሰው በኢንተርስቴት 70 ጥቂት ወደ ምሥራቅ ሄዶ ወደ መንገድ ቁጥር 33 ይታጠፋል፤ በላንካስተር አቅራቢያ አልፎ ሎጋን ሲደርስ መንገድ ቁጥር 664 ወደ ፓርኩ ያስገባዋል። ፓርኩ ለጎብኚዎች ክፍት የሚሆነው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ነው። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በአሜሪካ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 5 ሰዓት ገደማ፣ በሀገር ቤት አቆጣጠር 11 ሰዓት መሆኑ ነው፤ ገደሉ ውስጥ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይጨልማል። ልጅ የያዘ ቤተሰብ በእነዚያ አጫጭር ቀናት ከምሳ ሰዓት በፊት መድረስ፣ ብርሃን ሳለም ወደ መኪናው መመለስ ይኖርበታል።